ፊርማው ወይስ እሳቱ?

ሲኒማ ወደ አገራችን በገባበት ጊዜ፣ ይኸውም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ የፊልሙን ማሳያ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ሥዕል ተነሥቶ ሲራመድ፣ በቤቱ ውስጥ የሌለ ሰው ከግድግዳው ላይ ሲስቅና ሲጣላ ያየ ሁሉ «ይህስ የሰው ሥራ አይደለም» ብሎ ቢፈርድ የሚያስደንቅ አይደለም። ስሙም ከቤቱ ጋር ተጣብቆ ቀረ፤ በቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ያለውን ያን ቦታ እስከ ዛሬ ድረስ በዚሁ ስም የሚያስታውሱት አሉ።

ከዚያ ወዲህ እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ያን ጊዜ ያስፈራ የነበረው መሣሪያው ነበር፤ ዛሬ መሣሪያው ከኪሳችን ገብቶ ማንንም አያስፈራም። ክርክሩ ግን አልቀረም፤ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ታሪኩ ገባ እንጂ። «ይህን ፊልም ማየት ይገባል ወይስ አይገባም? ሰይጣን የተሣለበት ታሪክ ያስተምራል ወይስ ያስታል?» የሚለው ጥያቄ የአያቶቻችን ጥያቄ የልጅ ልጅ ነው።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ፊልም «ጎስት ራይደር» ይባላል፤ በአማርኛ «መንፈስ የሆነው ጋላቢ» ብንለው ያስኬዳል። ፊልሙ አዲስ አይደለም፤ በአሜሪካ ለሕዝብ የቀረበው የካቲት 9 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ወደ ፍላሽና ወደ ስልክ የገባ ፊልም በቀላሉ አያረጅምና፣ በአምቦ የተማሪዎች መኝታ ቤትም ሆነ በጊንጪና በጌዶ ሁለት ጓደኛሞች በሚከራዩት ክፍል ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ቢዞር አይደንቅም። በታየበትም ስፍራ ሁሉ ክርክር አይታጣበትም። እኔም የተከራካሪዎቹን ሐሳብ በየወገኑ ካቀረብሁላችሁ በኋላ የራሴን እጨምራለሁ፤ የቀረውን ፍርድ ለእናንተ እተወዋለሁ።

ታሪኩ በአጭሩ

ጆኒ ብሌዝ የሚባል ወጣት ከአባቱ ጋር በተዘዋዋሪ የትርኢት ቡድን ውስጥ ሞተር ብስክሌት እየጋለበ፣ በእሳት ቀለበት መካከል እየዘለለ እንጀራውን ይበላል። አንድ ቀን አባቱ በካንሰር መታመሙን ይደርስበታል። በዚያው ሌሊት አለባበሱ ያማረ፣ ንግግሩ ለስላሳ የሆነ አንድ ሽማግሌ ይመጣና ያባቱን ጤና እንደሚመልስለት፣ በምትኩም የልጁን ነፍስ እንደሚወስድ የተጻፈበት ውል ያቀርብለታል። ልጁ ወረቀቱን ሲገልጥ ጣቱ ይቆረጣል፤ አንዲት የደም ጠብታ በፊርማው ቦታ ላይ ትወድቃለች፤ ውሉም ጸና ይባላል።

በማግሥቱ አባቱ ጤነኛ ሆኖ ይነሣል። በዚያው ዕለት ግን ትርኢት ሲያሳይ ወድቆ ይሞታል። ሽማግሌው ቃሉን አላፈረሰም፤ አድናለሁ ያለው ከካንሰር ነው እንጂ ከሞት አላለም።

ዓመታት አልፈው ጆኒ ዝነኛ ከሆነ በኋላ ባለ ዕዳነቱ ይጠየቃል። ሌሊት ሲመጣና ክፉ ሰው በአቅራቢያው ሲገኝ ሥጋው ይቃጠልና ራሱ የሚነድ የራስ ቅል ይሆናል፤ የሞተሩም ጎማዎች በእሳት ይሽከረከራሉ። የታዘዘውም በሰይጣኑ ላይ ያመፀውን የሰይጣኑን የገዛ ልጅ እንዲይዝ ነው። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የሚያስገርመው ግን እሳቱ አይደለም፤ ዓይኑ ነው። ክፉ ሰው ይዞ ትኵር ብሎ ሲያየው፣ ያ ሰው በሌሎች ላይ ያደረሰውን ሥቃይ ሁሉ በራሱ ላይ እንዲሰማው ያደርገዋል። በመጨረሻም ድል ካደረገ በኋላ ሰይጣኑ «ውለታህን ፈጽመሃልና እርግማኑን ልውሰድልህ» ሲለው አሻፈረኝ ብሎ፣ ኃይሉን በራሱ በሰጪው ላይ ሊያዞረው ይምላል።

ፊልሙን ያዘጋጀው ማርክ ስቲቨን ጆንሰን ሲሆን፣ ጆኒን ሆኖ የሚጫወተው ኒኮላስ ኬጅ፣ ሰይጣኑን ሆኖ የሚጫወተው ፒተር ፎንዳ ነው። ታሪኩ የተወሰደው ማርቬል የተባለው ኩባንያ በ1964 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ማሳተም ከጀመረው ባለ ሥዕል መጽሔት ነው። ኬጅ ለዚህ ጀግና ያለው ፍቅር እጅግ የበረታ ከመሆኑ የተነሣ ምስሉን በክንዱ ላይ አስነቅሶት ስለ ነበር፣ ፊልሙ ሲነሣ ንቅሳቱ በቀለም መሸፈን ነበረበት ይባላል።

የመጀመሪያው ወገን፦ «ሰይጣንን ጀግና ያደርጋል»

ይህን የሚሉት ብዙዎቹ ሃይማኖተኞች ናቸው፤ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም በዚህ ነገር ይስማማል። ሐሳባቸው በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። «ከክፉ ምንጭ የተቀዳ ኃይል መልካም ሥራ ቢሠራበት እንኳ ክፉነቱ አይለቀውም። የሚነድ የራስ ቅል አይቶ የሚያጨበጭብ ሕፃን ነገ ጠንቋይ ቤት ሄዶ ዕድሉን ቢጠይቅ ምን ይደንቃል?» ይላሉ።

እኔ ግን ፊልሙን በጥሞና ያየ ሰው ውሉን ተመኝቶ የሚነሣ አይመስለኝም። ሰይጣኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አታላይ ነው፤ የሰጠው ስጦታ አንድ ቀን እንኳ አልዋለም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለው ተረታችን ራሱ በዚህ ፊልም ፊት ይንቀጠቀጣል፤ ይህ ሰይጣን ከታወቀም በኋላ አይሻልምና።

በአንድ ነገር ግን እውነት አላቸው። ያባቱ ሞት የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ እሳቱ ግን እስከ መጨረሻ ይነዳል። ሕፃን ልጅ የሚያስታውሰው የትኛውን እንደ ሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ስለዚህ ታናሽ ወንድም ያላችሁ፣ ፊልሙን ከመከልከል ይልቅ አብራችሁት ብትቀመጡና «አባቱስ በመጨረሻ ምን ሆነ?» ብላችሁ ብትጠይቁት ይበልጣል።

ሁለተኛው ወገን፦ «ፊልም ነው፤ ተዉን»

ይህ የወጣቱ ወገን ነው። «ቀኑን ሙሉ ፋይል ስናገላብጥ፣ ማኅተም ስንፈልግ፣ አለቃ ስንጠብቅ ውለናል። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሞተር ሲከንፍ ብናይ ምን አጠፋን?» ይላሉ። ተማሪውም ፈተና ጨርሶ ሲወጣ የሚለው ይህንኑ ነው።

ዓለምም ከነሱ ጋር ነው። ፊልሙን ለመሥራት የወጣው ገንዘብ ወደ 110 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ በየአገሩ ሲኒማ ቤት የተሰበሰበው ከ220 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ሐያስያን ክፉ ጽፈውበታል፤ ሕዝቡ ግን ከሐያስያን ፈቃድ ሳይጠይቅ ትኬቱን ቈረጠ።

ዕረፍት የሠራ ሰው መብት ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። እኔ የምቃወመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም «ፊልም ነው» ሲባል «ባዶ ነው» ማለት የሚመስላቸው ሲኖሩ ነው። በምሽት ተረት አድጎ፣ ከአያቱ እግር ሥር ተቀምጦ የጅቡንና የአንበሳውን ነገር የሰማ ሰው፣ ተረት እያዝናና ቁም ነገር እንደሚያስጨብጥ ማወቅ አያቅተውም።

ሦስተኛው ወገን፦ «ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ አበላሹት»

ይህን የሚሉት ጥቂቶች ናቸው፤ መጽሐፍ የሚያነቡ፣ ቴያትር የሚወዱ ናቸው። እነሱ መንፈስ በመታየቱ አይቈጡም፤ የሚቈጡት መንፈሱ ሥራ በመፍታቱ ነው።

ምሳሌያቸውም ከዚሁ ከምዕራብ ሸዋ ይወጣል። በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አጠገብ በቦዳ የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ የሼክስፒርን «ሐምሌት»ና «ማክቤዝ» ወደ አማርኛ መልሷል። በመጀመሪያው ድርሰት የሞተ ንጉሥ ከመቃብር ተነሥቶ ለልጁ ይናገራል፤ በሁለተኛው ጠንቋዮች ለአንድ የጦር አለቃ ንግሥናን ይተነብዩለታል። ታዲያ ከዚህ የበለጠ የመናፍስት ነገር ምን አለ? ይሁን እንጂ ተመልካቹ ከቴያትር ቤቱ ሲወጣ የሚያስበው ስለ መንፈሱ አይደለም። የሚያስበው «ያባትን ደም መበቀል ይገባል ወይ? ትንቢት ሰውን ያስገድደዋል ወይስ ሰውዬው አስቀድሞ ፈልጎት ነበር?» እያለ ነው። መንፈሱ ጥያቄውን ያመጣና ዘወር ይላል።

በ«ጎስት ራይደር» ግን ነገሩ ተገልብጧል። መጀመሪያ ላይ «ሰው ለሚወደው ሰው ሲል ምን ድረስ ሊፈርም ይገባዋል?» የሚል ትልቅ ጥያቄ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ተረስቶ ሩጫ ይጀመራል። የሰይጣኑ ልጅ የምድር፣ የውሃና የነፋስ የሆኑ ሦስት ረዳቶች አሉት፤ ሦስቱም በተራ ይመጣሉ፣ ሦስቱም በተራ ይሸነፋሉ፤ ተመልካቹ ስለ አንዳቸውም ቅንጣት አይጨነቅም። እኔም ፊልሙን ከነጉድለቱ ብወደውም፣ በዚህ ነጥብ ላይ ለሦስተኛው ወገን እጄን አነሣለሁ።

አራተኛው ወገን፦ «የራሳችንስ?»

የዚህ ወገን ጥያቄ ከሁሉ አዲስ ነው። «ለምን የባዕድ አገር ጋላቢ ብቻ? በአገራችን ተራራና ተረት ጠፍቶ ነውን?» ይላል። በየካቲት 2010 ዓ.ም. «ብላክ ፓንተር» የተባለው ፊልም ወጥቶ፣ ማንም ቅኝ ያልገዛት አንዲት የአፍሪካ መንግሥት በሥዕል ስትታይ፣ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ተሰማ። እዚያም ጀግናው ምሥጢራዊ ቅጠል ጠጥቶ ከሞተ አባቱ መንፈስ ጋር ይነጋገራል።

መልስ መስጠት የጀመሩም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በስራት ደበበ ያቋቋመው ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለውን ባለ ሥዕል መጽሔት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። የጀግናው ሥራ ምን እንደ ሆነ ስትሰሙ ፈገግ ትላላችሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው! ዲፕሎማውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሲዞር የኖረ አንባቢ ከዚህ ጀግና ጋር ለመተዋወቅ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ቀጥሎም «ሀዊ» የተባለች ሴት ጀግና ተከትላለች፤ ስሟ ለምዕራብ ሸዋ ጆሮ እንግዳ አይደለም።

የአራተኛው ወገን ምኞት መልካም ነው። ግን ምኞቱ እስኪፈጸም ድረስ ከባዕዱም ታሪክ የሚጠቅመንን መውሰድ ነውር የለበትም።

እኔ የማየው

አራቱም ወገኖች የሚከራከሩት ስለ እሳቱ ነው። አንዱ እሳቱ የገሃነም ነው ይላል፤ ሁለተኛው ያምራል ይላል፤ ሦስተኛው ጭስ በዝቶበታል ይላል፤ አራተኛው የራሳችንን እናንድድ ይላል። እኔ ግን ከፊልሙ ሁሉ ዓይኔን የያዘው እሳቱ አይደለም፤ ያ ወረቀት ነው።

ልብ በሉ፤ ጆኒ የፈረመው ለሀብት አይደለም፤ ለሥልጣንም አይደለም። የፈረመው ለአባቱ ነው። በአውሮፓ ተረት ነፍሱን ለሰይጣን የሚሸጠው ሰው ብዙውን ጊዜ ዕውቀት ወይም ሀብት የጠማው ነው፤ በእርሱ ላይ መፍረድም ቀላል ነው። በጆኒ ላይ ግን ማን ይፈርዳል? አባቱ በሞት አፋፍ ላይ ሳለ «ቆይ፣ ላንብበው» የሚል ልጅ ስንት ነው? ክፉ ውል የሚፈረመው በስግብግብነት ብቻ ሳይሆን በፍቅርም እንደ ሆነ፣ እንዲያውም በፍቅር የተፈረመው እንደሚብስ፣ ይህ ፊልም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ በትክክል አይቶታል።

የሚያስደንቀው ደግሞ ከፊልሙ ውጭ የሆነው ነው። ይህን ጀግና በመጽሔቱ ላይ ከፈጠሩት ሰዎች አንዱ ጋሪ ፍሬድሪክ የተባለ ደራሲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ኩባንያው አንዲት ገጽ ወረቀት ሰጠው፤ ወደ ፊት ሥራ ማግኘት ከፈለገ እንዲፈርም ተነገረው፤ ፈረመም። ፊልሙ በወጣበት ዓመት «ጀግናው የእኔ ነው» ብሎ ቢከስ ያቺ ወረቀት ቀረበችበት። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ፈረደበት፤ ይባስ ብሎም በጀግናው ስም ዕቃ ሸጠሃል ተብሎ 17,000 ዶላር የሚከፍልበት ነገር መጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የወረቀቷ ቃል ግልጽ አይደለም ብሎ ፍርዱን ሻረው፤ ከዚያም ተከራካሪዎቹ በስምምነት ጨረሱ። ፍሬድሪክ እ.ኤ.አ. በ2018 ዐረፈ። ሳያስብ የፈረመን ሰው ታሪክ የጻፈው ደራሲ፣ በራሱ ፊርማ ስንት ዓመት ተንከራተተ! ይህን ማንም ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢጽፈው «አበዛኸው» እንለው ነበር።

ወረቀቱ ወደ እኛ ሲመጣ

አሁን ከሆሊውድ ወደ አምቦ መንገድ እንመለስ። እናንተ የምታነቡኝ ገና ተማሪዎች ወይም ሥራ ከያዛችሁ አንድ ሁለት ዓመት የሆናችሁ ናችሁ። ሰይጣን በኮትና በከረባት ወደ እናንተ እንደማይመጣ አውቃለሁ። የሚመጣው የምትወዱት ሰው ነው።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። የእናትህ ወንድም ከገጠር፣ ከጀልዱ ወይም ከጮቢ በኩል፣ በጠዋት ተነሥቶ መሥሪያ ቤትህ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። ቡና ከተጠጣ በኋላ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል። «ልጄ፣ አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ፤ ደመወዝህ ከወር ወር አይቋረጥም። ይህቺን ብድር እንድወስድ ዋስ ሁነኝ። ከፊርማ በቀር የምትሰጠኝ ነገር የለም» ይልሃል። አንተን ያስተማረህ እርሱ ነው፤ የመጀመሪያውን ጫማ የገዛልህ እርሱ ነው። አንቺም ብትሆኚ አብራሽ ያደገችው ጓደኛሽ ገንዘብ ያዥ ሆና ልትቀጠር ነውና የሥራ ዋስ ፈልጋ ትመጣብሻለች። ወይም የአክስትሽ ልጅ ወደ ዓረብ አገር ሊሄድ፣ ደላላው የጠየቀውን ገንዘብ ሊበደር፣ ዋስ ጐድሎታል።

ታዲያ እንቢ ማለት ይቻላልን? በአገራችን ዋስ መሆን ነውር አይደለም፤ የመተማመን ምልክት ነው። ዘመዱን በዋስነት ያላወጣ ሰው «ሰው አይደለም» ይባላል። ስለዚህ እጃችን ሳናስበው ወደ እስክሪብቶው ይዘረጋል። ችግሩ የሚታወቀው ከዓመት በኋላ ነው፤ አጎት እህሉ ውርጭ ሲመታበት፣ ጓደኛዋ ከካዝናው ሲጐድልባት፣ የአክስት ልጅ ድምፁ ሲጠፋ፣ ያን ጊዜ ደብዳቤ ወደ መሥሪያ ቤታችን ይመጣል፤ ደመወዛችንም ከደረሰን ሳይሆን ከተረፈን ይቈጠራል። አጎትና የእኅት ልጅም ከዚያ ወዲያ በበዓል አይጠያየቁም። ገንዘቡ በጊዜ ይከፈላል፤ ዝምድናው ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠገን ይቀራል።

እኔ «ዋስ አትሁኑ» አልላችሁም። እንዲህ ያለ ምክር በወረቀት ላይ ያምራል እንጂ በአገራችን አይኖርበትም። የምላችሁ «ጆኒ ያላደረገውን አድርጉ» ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በዚህ ረገድ ከፊልሙ ደራሲዎች ይልቅ አስቦልናል።

እስቲ ለጨዋታ ያህል የጆኒን ውል በዚህ ሕግ እንመርምረው። በቁጥር 1727 መሠረት በጽሑፍ የሚደረግ ውል በሁለት ምስክሮች ፊት ካልተረጋገጠ አይጸናም፤ በዚያ ሌሊት ግን ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም። ቁጥር 1728 ተዋዋዩ በእጁ እንዲፈርም ይጠይቃል፤ ሳይታሰብ የወደቀች የደም ጠብታ ፊርማ ልትባል አትችልም። በቁጥር 1716 መሠረት ሕገ ወጥ ወይም ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የሆነ ውል ፈራሽ ነው። ቁጥር 1710 ደግሞ የሰውን ችግር ወይም የልምድ ማነስ መጠቀሚያ በማድረግ የተገኘ ፈቃድ ውሉን ሊያስፈርሰው እንደሚችል ይናገራል። ጆኒ ሞተሩን ትቶ አንድ ጠበቃ ቢይዝ ኖሮ ፊልሙ በግማሽ ሰዓት ባለቀ ነበር!

ወደ ቁም ነገሩ ስንመለስ ግን ልታውቁ የሚገባችሁ እነዚህን ነው።

አንደኛ፣ የዋስትና ውል በቃል አይሆንም፤ በጽሑፍ መሆን አለበት (ቁጥር 1725)። «በቃ ስምህን ብቻ ልጻፍ» የሚለውን አትቀበሉ።

ሁለተኛ፣ ዋስ የሆናችሁበት የመጨረሻው የገንዘብ ልክ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም (ቁጥር 1922)። ስለዚህ የገንዘቡ ቦታ ባዶ በሆነ ወረቀት ላይ ከቶ አትፈርሙ። ባዶ ቦታ ከሰይጣኑ ወረቀት ይከፋል፤ የሰይጣኑስ ዋጋው ቢያንስ ተጽፎ ነበር።

ሦስተኛ፣ በወረቀቱ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» ወይም ይህን የመሰለ ቃል መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ። ይህ ቃል ካለ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ በቀጥታ እናንተን ሊከስ ይችላል (ቁጥር 1933)። ቃሉ ከሌለና ተራ ዋስ ከሆናችሁ ግን አስቀድሞ የባለ ዕዳው ንብረት እንዲፈለግ ልትጠይቁ ትችላላችሁ (ቁጥር 1935)። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ መስመር ጽሑፍ ነው፤ የአንዳንድ ሰው የዓመታት ደመወዝ በዚያች መስመር ውስጥ ተቀምጧል።

አራተኛ፣ የፈረማችሁበትን ወረቀት ግልባጭ ሳትይዙ አትነሡ። ዕዳውን የከፈለ ዋስ መልሶ ባለ ዕዳውን የመጠየቅ መብት አለው፤ ማስረጃ የሌለው ሰው ግን በዚህ መብት ለመጠቀም ይቸገራል።

አምስተኛው በሕግ አልተጻፈም፤ ከፊልሙ የተገኘ ነው። ያ ሽማግሌ የመጣው በሌሊት ነው፤ ወረቀቱም ሳያድር እንዲያልቅ ፈልጎ ነበር። አበዳሪም ሆነ ደላላ «ዛሬ ካልሆነ አይሆንም» ሲላችሁ በዚያ ላይ ጥርጣሬያችሁን አሳድሩ። ለአጎታችሁ «ጋሼ፣ ወረቀቱን ልውሰደውና አንብቤው ነገ ላምጣልዎት» ብትሉት ክብሩ አይነካም። ካነበባችሁት በኋላም እውነቱን ብትነግሩት፣ «ይህን ያህል ድረስ እችላለሁ፤ ከዚህ በላይ ግን አልችልም» ብትሉት፣ ያዝን ይሆናል። በልካችሁ የሰጣችሁት ቃል ግን የምትጠብቁት ቃል ይሆናል፤ አጎትም ከተሰበረ ዋስ ይልቅ ልኩን ያወቀ ዋስ ይጠቅመዋል።

ስለ መጨረሻው ትዕይንት

አንድ ክርክር ይቀረኛል። ጆኒ እርግማኑን አልመልስም ማለቱ ትክክል ነበርን? የመጀመሪያው ወገን ትዕቢት ነው ይላል፤ ሁለተኛው ጀግንነት ነው ይላል። እኔ ደግሞ ባለ ዕዳነቱን የተቀበለ ሰው ሥራ አድርጌ አየዋለሁ። የተፈረመው ተፈርሟል፤ አባቱም ሞቷል፤ ይህን የሚመልስ ኃይል የለም። የቀረው በደረሰበት ጉዳት ሌላው እንዳይጐዳ መሥራት ነው። በአንድ ሳያስቡት በተፈረመ ወረቀት የተጐዳ ሰው ተመሳሳይ ወረቀት በእጁ ይዞ የቆመ ወጣት ሲያይ «ቆይ፣ መጀመሪያ አንብበው» ቢለው፣ እርሱም በበኩሉ እሳቱን ለመልካም ነገር አዋለው ማለት ነው። ለዚህ ደግሞ የሚነድ የራስ ቅል አያስፈልግም።

ስለዚህ ፊልሙን እዩት። ሃይማኖተኛ የሆናችሁ ልጆቹን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ እዩት፤ የደከማችሁ ዐርፋችሁበት እዩት፤ ቴያትር የምትወዱ እየተቈጣችሁ እዩት፤ መጽሔት የምትሥሉ «እኛስ?» እያላችሁ እዩት። ሞተሩ መንደድ ከመጀመሩ በፊት ያሉትን ደቂቃዎች ግን በተለይ ልብ ብላችሁ እዩ። እሳቱ በኮምፒዩተር የተሠራ ነው፤ ወረቀቱ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አለ።

በሚመጣው ሳምንት በሌላ ፊልም እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።